ከገመዱ ወደ በሩ፦ የሕመም ሳይንስ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የገባበት መንገድ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1995 በለንደን የሚታተመው ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አንድ አጭር የሕክምና ገጠመኝ አውጥቶ ነበር። የ29 ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ የግንባታ ሠራተኛ ከከፍታ ሲዘል 15 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ሚስማር ላይ ያርፋል። ሚስማሩ የቦት ጫማውን ሶል በስቶ ዘልቋል። ሰውየው ድንገተኛ ሕክምና ክፍል በደረሰ ጊዜ ሚስማሩ በትንሹ በተነቃነቀ ቁጥር ይሠቃይ ስለነበር፣ ሐኪሞቹ በፌንታኒልና በሚዳዞላም ካረጋጉት በኋላ ሚስማሩን ከበታች ስበው አወጡት። ጫማው ሲወልቅ ግን በእግሩ ላይ አንዳችም ጉዳት አልተገኘም። ሚስማሩ ያለፈው በጣቶቹ መካከል ነበር።

ይህ ሰው አስመሳይ አልነበረም። ሕመሙ እውነተኛ ነበር፤ ያልነበረው ቁስሉ ነው። ገጠመኙ ከቀልድ ያለፈ ትርጉም የሚያገኘው በየዕለቱ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ከሚመጡት ሕሙማን ጋር ሲነጻጸር ነው። ወገባቸውን፣ አንገታቸውን ወይም ጉልበታቸውን ለዓመታት የሚያማቸው ብዙ ሰዎች ራጅ ተነሥተው ሕመማቸውን የሚመጥን ጉዳት አይገኝባቸውም። አንዳንዱ «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። ሌላው ደግሞ «ዲስክህ ተንሸራቷል፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ» ተብሎ ዕድሜውን ሙሉ በፍርሃት ይኖራል። ሁለቱም መልሶች የሚመነጩት ከአንድ አሮጌ አስተሳሰብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ አስተሳሰብ እንዴት እንደ ነገሠ፣ በምን ማስረጃ እንደ ተናጋ፣ በሌላ የተተካው እውቀትም ፊዚዮቴራፒ ክፍል ለመድረስ ለምን ብዙ ዓመታት እንደ ፈጀበት ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዴካርት ገመድ

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ1650 ከሞተ በኋላ፣ በ1662 የታተመው ስለ ሰው ልጅ አካል የጻፈው መጽሐፍ አንድ ታዋቂ ሥዕል ይዟል። አንድ ሰው እግሩን ወደ እሳት አስጠግቷል፤ ከእግሩ ተነሥቶ እስከ አንጎሉ የሚደርስ ቀጭን ክር ይታያል። እሳቱ ክሩን ከታች ሲጎትተው ከላይ አንጎል ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይከፈታል። ዴካርት ይህን ያመሳሰለው ገመዱ ከታች ሲሳብ ከላይ ከሚጮኽ ደወል ጋር ነው።

ሐሳቡ ለዘመኑ ታላቅ እመርታ ነበር፤ ሕመምን ከመንፈስና ከቅጣት አውጥቶ ወደ አካል አሠራር አምጥቶታልና። በ19ኛው መቶ ዘመን የነርቭ ሳይንስ ሲያድግም የሕመምን መነሻ በቆዳ ላይ ባሉ ልዩ ነጥቦች፣ መንገዱንም በልዩ ነርቮች ለማግኘት የተደረገው ጥረት የገመዱን ሥዕል ይበልጥ አጠናከረው። ሆኖም ሥዕሉ አንድ ሳይመረመር የታለፈ እምነት ነበረበት፤ የሕመሙ መጠን የጉዳቱ መጠን ልኬት ነው የሚል።

ከዚህ እምነት የመነጨው የሕክምና መመሪያ ዕረፍት ነበር። በለንደን የጋይስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበረው ጆን ሂልተን ከ1860 እስከ 1862 ያቀረባቸው ትምህርቶች በ1863 በመጽሐፍ ታተሙ። ሂልተን ሕመም ተፈጥሮ የዕረፍት ትእዛዝ የምታስተላልፍበት ቋንቋ መሆኑን አስተማረ። የመገጣጠሚያ ነቀርሳ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ ምክር የብዙዎችን እግር አድኗል፤ ስለዚህ ሂልተንን ዛሬ ላይ ቆሞ መንቀፍ ተገቢ አይደለም። ችግሩ የመጣው ለተቃጠለ መገጣጠሚያ የተሰጠው ምክር ለማንኛውም ሕመም፣ በተለይም ለወገብ ሕመም፣ ሕግ በሆነ ጊዜ ነው።

በ1934 ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ከቦታው የወጣ ዲስክ ነርቭን ተጭኖ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ሊያመጣ እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። ግኝቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የወገብ ሕመም ሁሉ የተሰበረ ማሽን ሆኖ መታየት ጀመረ። ሐኪሙ የተበላሸውን ክፍል ይፈልጋል፤ ታካሚው አልጋ ላይ ለሳምንታት ይተኛል። በብሪታንያ በ1894 አራት ሴቶች የማሳጅ ባለሙያዎችን ማኅበር ባቋቋሙበት ጊዜ ሥር የሰደደው የፊዚዮቴራፒ ሙያም በዚሁ መንገድ ሄደ። የሚያመውን ቦታ ማግኘት፣ ማሸት፣ ማሞቅ፣ መሳብና ማቃናት የሙያው ዋና ሥራ ሆነ።

ገመዱ ያልሠራባቸው ቦታዎች

የገመዱን ንድፈ ሐሳብ የሚቃወሙ ምስክሮች ግን ከጥንትም አልጠፉም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የነርቭ ቁስለኞችን ያከመው ሲላስ ዊየር ሚቸል በ1871 የተቆረጠ እጅና እግር ባለመኖሩ ሳይገታ እንደሚያም ጽፏል። ገመዱ የሚነሣበት እግር ከሌለ ደወሉን የሚስበው ማን ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ አሜሪካዊው የማደንዘዣ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በጣሊያን ግንባር ተቃራኒውን አየ። በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ከባድ ቁስል ከደረሰባቸውና ለሰዓታት ሞርፊን ካልተሰጣቸው ወታደሮች መካከል ሦስት አራተኛ ያህሉ ሲጠየቁ ማስታገሻ አልፈለጉም። ቢቸር በ1956 ባወጣው ሌላ ጥናት 150 ወታደሮችን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 150 ሲቪሎች ጋር አነጻጸረ። ከወታደሮቹ ማስታገሻ የፈለጉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከሲቪሎቹ ግን ከአምስት አራቱ በላይ ፈለጉ። ለወታደሩ ቁስሉ ከሞት ማምለጫና የአገር ቤት መግቢያ ነው፤ ለሲቪሉ ግን የመከራው መጀመሪያ ነው። ቢቸር የደረሰበት መደምደሚያ የሕመምን መጠን የሚወስነው ቁስሉ ብቻ ሳይሆን ቁስሉ ለሰውየው የሚሰጠው ትርጉምም ነው የሚል ነበር።

ሦስተኛው ምስክር ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። በሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣቶቻቸውን የሚያጡት ሥጋቸው በበሽታው ተበልቶ ሳይሆን፣ የሕመም ስሜታቸው በመጥፋቱ በእሳት፣ በስለትና በማይመች ጫማ የሚደርስባቸውን ጉዳት ሳያውቁት ስለሚቀሩ መሆኑን አሳየ። በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት በማሠልጠኛነቱ ካስፋፋቸው ትምህርቶች አንዱ ይኸው ነው፦ የማይሰማን እግር በዓይን እየፈተሹ በየዕለቱ መጠበቅ። በግንበኛው ዘንድ ጉዳት የሌለው ሕመም ነበር፤ በሥጋ ደዌ ታማሚው ዘንድ ሕመም የሌለው ጉዳት አለ። ሕመምና ጉዳት አብረው መሄድ ቢያዘወትሩም አንድ አይደሉም።

በሩ፦ 1965

አለርት በተቋቋመበት በዚያው ዓመት፣ በኅዳር ወር ማለትም በኖቬምበር፣ ካናዳዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሮናልድ ሜልዛክና እንግሊዛዊው የነርቭ ሳይንቲስት ፓትሪክ ዎል በሳይንስ መጽሔት ላይ አዲስ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱ ሰዎች እንደሚሉት፣ ከአካል የሚነሣው የጉዳት መልእክት በቀጥታ አንጎል አይደርስም። በኅብለ ሰረሰር የኋላ ቀንድ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ እንደ በር ያለ ሥርዓት ያገኘዋል። ቀጫጭኖቹ የነርቭ ዘንጎች በሩን ሲከፍቱት፣ ንክኪን የሚያመላልሱት ወፋፍራሞቹ ይዘጉታል። ወድቆ የተመታ ልጇን እናት የተጎዳውን ቦታ ስታሸትለት ልቅሶው የሚበርደው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ከሁሉም በላይ ግን በሩን ከላይ ሆኖ የሚያዝ አለ፤ እርሱም አንጎል ነው። ትኩረት፣ ፍርሃት፣ ተስፋና ያለፈ ልምድ መልእክቱ ገና ኅብለ ሰረሰር ላይ ሳለ ሊያጎሉት ወይም ሊያዳክሙት ይችላሉ።

የበሩ ዝርዝር አሠራር ከጊዜ በኋላ በብዙ ነጥቦች ታርሟል። መሠረቱ ግን ጸንቷል፦ ሕመም እንደ ደብዳቤ ታሽጎ የሚላክ ነገር አይደለም፤ የነርቭ ሥርዓት ልዩ ልዩ መረጃዎችን አመዛዝኖ የሚወስነው የጥበቃ እርምጃ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ሙያ ይህን ግኝት የተቀበለበት መንገድ አስተማሪ ነው። ዎልና ዊሊያም ስዊት በ1967 ወፋፍራሞቹን ነርቮች በኤሌክትሪክ በማነቃቃት ሕመምን ለጊዜው ማጥፋት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚህ ሥራ ቴንስ የሚባለው መሣሪያ ተስፋፋ፤ በብዙ አገሮች ፊዚዮቴራፒ ክፍሎችም የዘወትር ዕቃ ሆነ። ሙያው መሣሪያውን ፈጥኖ ተቀበለ፤ ከመሣሪያው በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ፣ ማለትም የታካሚው ፍርሃትና እምነት የሕመሙ አካል መሆኑን ግን ለዓመታት ወደ ጎን ተወው። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ ቀዳሚ የወገብ ሕመም ቴንስን፣ አልትራሳውንድንና መጎተትን ለዘወትር ሕክምና አልመከረም። የመከረው የተደራጀ ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴንና የሥነ ልቡና ሕክምናን ጨምሮ ሌሎች ዘዴዎችን ነው። መሣሪያው ሲደክም ሐሳቡ ቀጠለ።

ሜልዛክ በ1975 ደግሞ ሕሙማን ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን ቃላት መድቦ የማክጊል መጠይቅን አሳተመ። ሕመም በቁጥር ብቻ እንደማይለካ ለማሳየት የቀረበ ሥራ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚም «ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል» ሲል እያንዳንዱ ቃል የየራሱ ትርጉም አለው። «ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል» የሚለው ታካሚ የነርቭ ምርመራ እንደሚያስፈልገው መርማሪውን ሊጠቁመው ይችላል። ከአሥር ስንት ነው ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ባለሙያ ይህን ሁሉ ሳይሰማ ያልፋል።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ

የበሩ ንድፈ ሐሳብ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ቆይቶ ነበር፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሕመሙ ለምን ይቀጥላል? በ1983 ክሊፎርድ ዉልፍ ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት ጉዳት ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን የነርቭ ሕዋሳት ራሳቸውን ከወትሮው ይልቅ ስሜታዊ እንደሚያደርጋቸው በእንስሳት ላይ አሳየ። የነርቭ ሥርዓቱ ከተነሣሣ በኋላ ቀላል ንክኪና ተራ እንቅስቃሴ እንደ አደጋ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሌባ ካየ ወዲህ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር የሚጮኽ የቤት ውሻን ማሰብ ይቻላል። ውሻው አልዋሸም፤ ጩኸቱም እውነት ነው፤ ሌባው ግን የለም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2017 ግልጽ የሕብረ ሕዋስ ወይም የነርቭ ጉዳት ሳይኖር ከሕመም ሥርዓቱ መለወጥ ለሚመጣው ሕመም ራሱን የቻለ ስያሜ ሰጥቶታል።

በሕክምናው በኩል መንገዱን የከፈተው በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ባለሙያ ዊልበርት ፎርዳይስ ነው። በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ በተለመደው ሕክምና ውስጥ የተደበቀ ወጥመድ አሳየ። «እስኪያምህ ሥራ፣ ሲያምህ ዕረፍ» የሚለው ምክር ሕመምን አዛዥ ያደርገዋል። ታካሚው ደህና በሆነበት ቀን ከአቅሙ በላይ ይሠራል፣ በማግሥቱ ይወድቃል፣ ሳምንት ሙሉ ይተኛል፤ በየዙሩም አቅሙ ይቀንሳል። ፎርዳይስ ሥርዓቱን ገለበጠው። አንድ ታካሚ 15 ደቂቃ ከተራመደ በኋላ የሚብስበት ከሆነ፣ በ10 ደቂቃ ይጀምራል። በደህናውም በመጥፎውም ቀን 10 ደቂቃ ይራመዳል፤ ከዚያ አያልፍም፣ ከዚያም አያጎድልም። መጠኑ አስቀድሞ በተወሰነው ዕቅድ መሠረት ቀስ በቀስ ይጨምራል። ዕረፍቱ የሚመጣው ሥራው ሲጠናቀቅ እንጂ ሕመሙ ሲያዝ አይደለም። ይህ ዘዴ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰዓት፣ ደብተርና የባለሙያው ትዕግሥት ነው።

በ1987 ስኮትላንዳዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጎርደን ዋዴል የወገብ ሕመምን በአካላዊ፣ በሥነ ልቡናዊና በማኅበራዊ ገጽታዎቹ የሚያይ አዲስ ንድፍ አቀረበ። የራሱን ሙያ ባልደረቦች ለዕረፍት በነበራቸው ፍቅር መገሠጹ ለቃሉ ክብደት ሰጠው። በ1994 በአሜሪካ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸው 98 ሰዎች ኤም አር አይ ሲነሡ፣ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ታየ። በ2015 የ3,110 ጤነኛ ሰዎችን ምስሎች ያጠቃለለ ግምገማ ደግሞ የዲስክ መድከም በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች በ37 በመቶው፣ በ80 ዓመት አረጋውያን በ96 በመቶው እንደሚታይ አመለከተ። አብዛኛው የምስል ግኝት እንደ ፀጉር ሽበት የዕድሜ ምልክት ነው። በ1995 ደግሞ በሄልሲንኪ ከተማ 186 የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ድንገተኛ የወገብ ሕመም ሲይዛቸው ሁለት ቀን ከተኙትና የወገብ ስፖርት ከታዘዘላቸው ይልቅ፣ የቻሉትን ያህል የዘወትር ሥራቸውን የቀጠሉት ፈጥነው እንዳገገሙ አሳየ። የሂልተን ሕግ ከ130 ዓመት በኋላ በተራ ሕዝብ ፊት ተፈተነና ወደቀ።

ቃል እንደ ሕክምና

ይህን ሁሉ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ካደረሱት መካከል እንግሊዛዊው ሉዊስ ጊፎርድ፣ አውስትራሊያውያኑ ዴቪድ በትለርና ሎሪመር ሞዝሊ ይገኙበታል። ሦስቱም ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው። በትለርና ሞዝሊ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕመም እንዴት እንደሚፈጠር ለታካሚው ራሱ ማስተማር የሕክምናው አካል እንዲሆን ተከራከሩ። ሞዝሊ ከዚያ በፊት በ2002 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባለባቸው 57 ሰዎች ላይ ባወጣው ጥናት፣ ፊዚዮቴራፒ ከዚህ ትምህርት ጋር ሲጣመር ሕመምንና የአቅም ማነስን እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር።

ታሪኩ ግን ሁሉን ፈዋሽ መድኃኒት የተገኘበት ታሪክ አይደለም። በ2019 በአውስትራሊያ ድንገተኛ የወገብ ሕመም ባለባቸው 202 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሁለት ሰዓት የፈጀ የሕመም ትምህርት ስለ ሕመም ምንም ካላስተማረ ውይይት የተሻለ የሕመም ቅነሳ እንዳላመጣ አረጋገጠ። በአንጻሩ በ2023 ላንሴት ያወጣው በ492 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ገለጻን ከሚፈሩት እንቅስቃሴ ጋር ደረጃ በደረጃ ከመለማመድ ያጣመረ ሕክምና በዓመቱ መጨረሻም ጠቀሜታው እንዳልጠፋ አሳየ። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጎንበስ ማለት የሚፈራ ሰው ወገቡ ጠንካራ መሆኑን በጆሮው ቢሰማ ብቻ አይበቃም፤ ጎንበስ ብሎ፣ አንሥቶ፣ ቀና ብሎ በራሱ አካል ማረጋገጥ አለበት። ቃሉ በሩን ቢከፍትም አልፎ የሚገባው እግር ነው።

በእኛ ቋንቋና በእኛ ክፍል

ይህ ትምህርት በአማርኛ ሲሰጥ አንድ ልዩ ችግር ያጋጥማል። «ሕመም» የሚለው ቃል በሽታንም የስቃይ ስሜትንም ይሸፍናል፤ «አሞኛል» የሚል ሰው ታምሜያለሁ ማለቱም ሊሆን ይችላል፣ ይሰማኛል ማለቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው «ሕመምህ የጉዳት ምልክት አይደለም» ሲል ታካሚው «አልታመምክም፣ ታስመስላለህ» የሚል ስድብ አድርጎ ሊሰማው ይችላል። ብልኅ ባለሙያ አስቀድሞ «ስሜትዎ እውነት ነው፤ አምንዎታለሁ» ይላል። ቀጥሎ የተጎዳው ቦታ መዳኑን፣ ጠባቂው ነርቭ ግን ገና አለመረጋጋቱን ያስረዳል። «አከርካሪዎ አልቋል፣ አጥንትዎ ተፋቅቷል» የሚሉ አባባሎች ደግሞ ከአንደበት ሲወጡ ቀላል ቢመስሉም፣ እኅል የሚፈጩ፣ ውኃ የሚቀዱና ሸክም የሚያነሡ ሰዎችን ኑሮ ለዓመታት ሊያስሩ ይችላሉ።

በሌላ በኩል የሕመም ሳይንስ ምርመራን የማስቀሪያ ምክንያት መሆን የለበትም። የሳንባ ነቀርሳ በስፋት በሚገኝባት ኢትዮጵያ የአከርካሪ ነቀርሳ የወገብ ሕመም መልክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የአከርካሪ መጉበጥ፣ የካንሰር ታሪክ፣ የእግር መስነፍ፣ የመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል የታየበት ታካሚ አስቸኳይ ምርመራ ያስፈልገዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ደወሉ የሚጮኸው እሳት ስላለ ነው። ስለ ስሜታዊ ነርቭ መናገር የሚቻለው እሳት አለመኖሩ በጥንቃቄ ከተመረመረ በኋላ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ሜልዛክና ዎል በሩን ካሳዩ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማስረጃው በየመጽሔቱ ተከማችቷል። ይሁን እንጂ የዴካርት ገመድ በብዙ የሕክምና ክፍሎች ዛሬም ተዘርግቶ ይገኛል። ሐኪሙ ከራጁ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ሲፈርድ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ታካሚውን በመሣሪያ ብቻ አክሞ ሲሸኝ፣ ታካሚው መንቀሳቀስ ያፈርሰኛል ብሎ ሲፈራ የሚታየው እርሱ ነው።

የግንበኛው ታሪክ እዚህ ላይ እንደገና ሊታወስ ይገባል። ሐኪሞቹ ሕመሙን አልናቁም፤ አስታገሡለት፣ ሚስማሩን አወጡለት፣ ጫማውን አወለቁለት፣ በመጨረሻም እግሩ ደህና መሆኑ ታየ። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው በአንድ ጊዜ የሚወልቅ ጫማ የለውም። ደህና መሆኑ ሊታየው የሚችለው በየሳምንቱ በሚጨምር እርምጃ፣ አምኖ በሚያዳምጠው ባለሙያ እጅ ነው። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ግን ሊሠራ ይችላል።